ዳገት የምትፈራ ሞተር ሳይክል፦ ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱን እንዴት ያገኛል?

መግቢያ

በጋዜጠኝነት ተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ፒስተንና ስለ ካርብራተር የሚያወራ ጽሑፍ ስታገኙ "ይሄ ልጅ ትምህርት ክፍል ተሳስቶ ነው እንዴ?" ማለታችሁ አይቀርም። አልተሳሳትኩም። አንዲት ያገለገለች ሞተር ሳይክል ጉልበት አጣች በተባለ ቁጥር ባለቤቷ ከአምስት ሰው አምስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ "ሲሊንደሩን አስፋው" ይላል። ሌላው "ማርሚታውን ቅደደው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ ጣለው" ብሎ ያርፋል። ሁሉም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። ታዲያ የትኛውን እንመን? እኛም በክፍል ውስጥ የምንማረው ይህንኑ ነው፤ የተነገረንን ከመቀበላችን በፊት "እንዴት ታወቀ?" ብሎ መጠየቅ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥርጊያ መንገድ የተሠራች፣ መካኒኮቻችን "ቱ ስትሮክ" የሚሏት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል በዝቅተኛ ዙር ጉልበቷን ለምን እንደምታጣና እንዴት እንደምትመለስ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን ሥራ መጀመሪያ፣ ብዙ የሚጠይቀውን መጨረሻ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። ነገሩ የሽቅድምድም ጉዳይ አይደለም። በገጠር ለሚሠራ የእንስሳት ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የክትባት ሠራተኛ ሞተር ሳይክሏ ዳገቱን ወጣች ማለት ሥራው ተሠራ ማለት ነው። አልወጣችም ማለት ደግሞ ያ ቀበሌ በዚያ ቀን ሳይታይ ቀረ ማለት ነው።

"የዝቅተኛ ዙር ጉልበት" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሞተር በደቂቃ ውስጥ የሚሽከረከርበት ብዛት ዙር ይባላል። 125 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት የገጠር ሞተር ሳይክል ቆሞ ሲንተከተክ በደቂቃ 1,300 ዙር ገደማ ይዞራል። ከፍተኛ ኃይሉን የሚሰጠው ግን 7,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ችግር የለውም፤ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ማሳደግ ነው። ድንጋይ በበዛበት ዳገት ላይ፣ ከኋላ ዕቃ ተጭኖ፣ በዝግታ ሲወጣ ግን ዙሩ ወደ 3,000 ይወርዳል። እዚያ ላይ ሞተሩ ከጎተተ ጎተተ፣ ካልጎተተ ነጂው ወርዶ መግፋት ነው። እንግዲህ የዝቅተኛ ዙር ጉልበት የምንለው ይህን ነው።

ሞተሩ እንዴት ይሠራል?

ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው ጉልበት የሚሰጠው። ባለ ሁለት ምት ግን በእያንዳንዱ ዙር ይሰጣል። ቀላልና ቀላጣፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እንደ አራት ምቱ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች ቴስታታው ላይ የሉትም፤ በምትኩ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቆረጡ መስኮቶች አሉት። መስኮቶቹን የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ራሱ ነው።

ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል። ከበላዩ ያለውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይጨምቃል፤ ከበታቹ ደግሞ ኮሎው ወደሚዞርበት ክፍል አዲስ ድብልቅ ይስባል። ካንዴላው ሲያቀጣጥል ፒስተኑ ወደ ታች ይወረወራል። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የጭስ መውጫውን መስኮት ይከፍታል፤ ቀጥሎ ከታች የተጨመቀው አዲስ ድብልቅ የሚገባባቸውን መስኮቶች ይከፍታል። አዲሱ አሮጌውን ጭስ እየገፋ ያስወጣል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ለአንድ አፍታ መግቢያውም መውጫውም ክፍት ናቸው። ስለዚህ ከአዲሱ ድብልቅ የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር አብሮ ይወጣል። በተለይ በዝቅተኛ ዙር መስኮቶቹ ለረጅም ጊዜ ክፍት ስለሚሆኑ ብክነቱ ይበዛል።

ትንሽ ታሪክ

ባለ ሁለት ምት አሠራርን እ.ኤ.አ. በ1881 ፓተንት ያስመዘገበው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዱጋልድ ክላርክ ነው። ድብልቁን ከፒስተኑ በታች ባለው ክፍል ጨምቆ የማሳለፉን ቀላል ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ አመጣ። ዛሬ በየመንደሩ የምናየው ሞተር የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን ኤምዜድ በተባለው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዋልተር ካደን በጭስ መውጫ ቱቦ ላይ ብዙ ምርምር አደረገ። ቱቦው መጀመሪያ ቀስ እያለ እየሰፋ ሄዶ ከዚያ ተመልሶ ሲጠብ፣ ጭሱ ይዞት የሚሄደው የግፊት ሞገድ መጥበቢያው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሲመለስ ያመለጠውን አዲስ ድብልቅ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነበር። የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኧርነስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ለጃፓኑ ሱዙኪ መሥራት ሲጀምር ዕውቀቱም አብሮት ሄደ። በዓመቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1962፣ በሱዙኪ ሞተር ሳይክል የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ጃፓኖቹ ቴክኒኩን ወደ ጥርጊያ መንገድም አመጡት። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ-1 የተባለችውን 250 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ድብልቁ ወደ ካርብራተሩ እንዳይመለስ የሚያግደውን ሪድ ቫልቭ በሞተር ሳይክሎቹ ላይ ማስገባት ጀመረ። ሪድ ቫልቭ ለዝቅተኛ ዙር ጉልበት ወሳኝ ነገር ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። የሚነጥረው ሞገድ በትክክለኛው ሰዓት የሚደርሰው በአንድ የተወሰነ የዙር ክልል ብቻ ነው። ለሽቅድምድም የተሠራ ቱቦ ሞገዱን ለከፍተኛ ዙር ነው የሚያመቻቸው። ስለዚህ "የሬስ ማርሚታ ግጠምላት" የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ታች ያለችውን ትንሽ ጉልበት ወስዶ ላይ ያስቀምጣታል። ዳገት ለሚወጣ ሰው ምን ዋጋ አለው?

የኛ አገር ከፍታ

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጉዳይ ከፍታ ነው። የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ካርብራተሩን የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,355 ሜትር ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል። በግርድፉ ሲሰላ በየ300 ሜትሩ ሞተር ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ሞተር እንኳን ከኃይሉ ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚሠራው።

በዚያ ላይ ሌላ መዘዝ አለ። አየሩ ሲሳሳ ካርብራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። በስሌት 2,800 ሜትር ላይ ድብልቁ ከሚገባው በላይ ወደ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ቤንዚን የበዛበት ሁለት ምት ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ይታፈናል፤ "ቡዋ... ቡዋ" እያለ ይንገዳገዳል፤ ካንዴላው ይረጥባል። ሰው "ሞተሩ አርጅቷል" ሲል ሞተሩ በቤንዚን ታንቆ ሊሆን ይችላል።

የሞከርነው በምን ዘዴ ነው?

አጎቴ በሰሜን ሸዋ ደጋ በእንስሳት ጤና ሙያ የሚሠሩ ናቸው። ከጨረታ የገዟት 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል የክትባት ሣጥን ከተጫነባት ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ትሞታለች። አንድ ጋራዥ "መድኃኒቱ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስዶ አስፍቶ ትልቅ ፒስተን መክተት ነው" ብሎ ከአንድ ወር ደመወዛቸው የሚበልጥ ዋጋ ጠራባቸው። እሳቸውም ለመበደር እያሰቡ ነበር። እኔ በሴሚስተር ዕረፍት እሳቸው ዘንድ ስለነበርኩ "ጋሼ፣ ከመበደርዎ በፊት እንለካ" አልኳቸው። "አንተ ልጅ፣ መለኪያ ከየት ታመጣለህ?" አሉኝ።

መለኪያው መንገዱ ነበር። ከወንዙ ድልድይ እስከ ዳገቱ አናት 9 የመብራት ምሰሶዎች አሉ። ሁልጊዜ ያው ጭነት፣ ያው ነጂ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከድልድዩ በተመሳሳይ ፍጥነት ተነስታ ስንተኛው ምሰሶ ላይ እንደምትሞት መዘገብን። አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን፤ እንሞክራለን፤ እንጽፋለን። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅምና ይሄ ሕግ ነው። በመጀመሪያው ቀን 3ኛው ምሰሶ ላይ ሞተች።

1ኛ፦ ጉልበቱ ጠፍቷል ወይስ ተሰርቋል?

ሞተሩን ከመንካት በፊት የሚሰርቁትን ሌቦች መፈለግ ያስፈልጋል። ሞተር ሳይክሏን በመቆሚያ አንስቶ የኋላ ጎማውን በእጅ ማዞር፤ በነፃነት ካልዞረ ፍሬኑ ይዟል ወይም የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ሰንሰለቱ ከልክ በላይ ተወጥሮ እንደሆነ ማየት። የጎማውን ንፋስ መለካት። ከዚያ ፍሪሲዮኑን መፈተን፤ በትልቅ ማርሽ እየሄዱ ድንገት ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ግን ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የአጎቴ ሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን ይዞ ነበር። አላላነው፤ ሰንሰለቱንም አስተካከልን። 4ኛው ምሰሶ ደረሰች። ወጪ፦ የለም።

2ኛ፦ ትንፋሹን ማስተካከል

የእነዚህ ሞተር ሳይክሎች የአየር ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ስፖንጅ ነው። በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ በሳሙና ውኃ መድገም፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ የሞተር ዘይት ቀብቶ መጭመቅ ነው። ዘይቱ አቧራውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ደረቁን መመለስ አይገባም። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ደግሞ ፒስተኑንና ፋሻውን በአሸዋ እንደ መፈግፈግ ነው።

ወደ ጭሱ ስንሄድ፣ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ስለሚያቃጥል በመውጫው መስኮትና በማርሚታው ጫፍ ላይ ጥቁር ካርቦን ይጋገራል። ቱቦውን ፈቶ፣ ፒስተኑን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ፣ መስኮቱን በእንጨት ወይም በለስላሳ አልሙኒየም መፋቅ ይቻላል። ብረት ፒስተኑን ይቧጭራል። የማርሚታውን የውስጥ ቱቦ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት። እኛ ስንፈታው የጫፉ ቀዳዳ ግማሽ ያህሉ ተደፍኖ ነበር። ከዚህ ሥራ በኋላ 5ኛው ምሰሶ።

3ኛ፦ የመጭመቅ አቅም

አሁን የጋራዡን ምክር የምንመዝንበት ቦታ ደረስን። ሲሊንደርና ፋሻ ማለቁ የሚታወቀው በመለካት ነው። ካንዴላውን አውጥቶ የግፊት መለኪያ መግጠም፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ መርገጫውን ደጋግሞ መምታት፤ ቀስቱ ማደጉን ሲያቆም ማንበብ።

ነገር ግን ጥንቃቄ! ማንዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ለምሳሌ ማንዋሉ 130 ፒኤስአይ ቢል፣ 2,800 ሜትር ላይ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ያው ሞተር የሚያሳየው ወደ 93 ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም መጭመቅ የሚጀምረው ከሳሳ አየር ተነስቶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው 93 ሲያይ "አለቀ!" ብሎ ሲሊንደር ያስፋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። በአጎቴ ሞተር ሳይክል ላይ መለኪያው 90 አካባቢ አሳየ። ለዚያ ከፍታ ጤነኛ ነው። ብድሩም በዚያው ቀረ።

ቁጥሩ በጣም ዝቅ ካለ ግን ሲሊንደሩ ይወጣል። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ ማየት ይቻላል። ከማንዋሉ ወሰን ካለፈ ፋሻ መቀየር፤ ሲሊንደሩ ራሱ ከተበላ ያን ጊዜ ማስፋት ተገቢ ነው።

የኮሎው ፓራኦሊዮም መታየት አለበት። በሁለት ምት ሞተር የታችኛው ክፍል ፓምፕ ነው ብለናል፤ ፓምፕ ደግሞ ካፈሰሰ አይገፋም። በማግኔቱ በኩል ያለው ካፈሰሰ አየር ይገባና ድብልቁ ይሳሳል፤ ነዳጅ ሲለቁ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። በማርሾቹ በኩል ያለው ካፈሰሰ የማርሽ ዘይት ይሳብና ነጭ ጭስ ይበዛል፤ የማርሽ ዘይቱም ሳይፈስ ይጎድላል። ጥሩ መካኒኮች መግቢያውንና መውጫውን ደፍነው 6 ፒኤስአይ አየር ያስገባሉ። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ካልወረደ ደህና ነው።

4ኛ፦ ሪድ ቫልቭ

ሪድ ቫልቭ በካርብራተሩና በሞተሩ መካከል የተቀመጡ ስስ ምላሶች ናቸው። ሞተሩ ሲስብ ይከፈታሉ፤ ሲገፋ ይዘጋሉ። በከፍተኛ ዙር ትንሽ ቢያፈስሱም ድብልቁ በራሱ ፍጥነት ስለሚገባ ብዙም አይታወቅም። በዝቅተኛ ዙር ግን ድብልቁ ሰነፍ ነው፤ ክፍተት ካገኘ ተመልሶ በካርብራተሩ ይተፋል። ማጣሪያው በቤንዚን ከረጠበ ይህን መጠርጠር ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ክፍሉን ፈቶ ወደ ብርሃን ማቅረብ። በምላሱና በመቀመጫው መካከል ብርሃን ከታየ፣ ወይም የምላሱ ጫፍ ከተሰነጠቀ ወይም ከተቆረሰ መቀየር አለበት። የተቆረሰ የብረት ምላስ ሞተር ውስጥ ቢገባ የሚያደርሰውን ጉዳት ማሰብ ነው። እኛ ያየነው አንዱ ምላስ ተጣምሞ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ግን ቀጥ ያለ አስመጣን። 6ኛው ምሰሶ።

5ኛ፦ ካርብራተር

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው። ካርብራተር ቤንዚን የሚሰጠው በሦስት መንገድ ነው። ነዳጅ መስጫው ከዝግ እስከ ሩብ ሲከፈት የሚያዘው ትንሹ ጄት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የሚያዘው መርፌው ነው። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ነው። ጄት ማለት ቀዳዳዋ በትክክል የተለካ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ ቁጥሯ ላይዋ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቤንዚኑ ያንሳል። ስለዚህ የዳገት ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ትንሹን ጄትና መርፌውን ነው። ብዙ ሰው ግን ዋናውን ጄት ብቻ ይነካና "ምንም አልተለወጠም" ይላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ካርብራተሩን ፈቶ ማጽዳት። ሞተሩን ማሞቅ። ከዚያ የአየር ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ እያሉ ማዞርና ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ መፈለግ። በአብዛኞቹ የሁለት ምት ካርብራተሮች ይህ ብሎን ሲወጣ አየር ይጨምራል። የተሻለው ቦታ የሚገኘው ብሎኑ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ወጥቶ ከሆነ ትንሹ ጄት በዝቷል፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ። አንድ ዙር እንኳን ሳይሞላ ከሆነ ጄቱ አንሷል። ቀጥሎ መርፌው። መርፌው ላይ ብዙ ጭረቶችና አንዲት መያዣ ቀለበት አሉ። ቀለበቷን አንድ ጭረት ወደ ላይ ማውጣት መርፌውን ያወርደዋል፤ ቤንዚንም ይቀንሳል።

ውጤቱን የሚናገረው ካንዴላ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል፤ ይሄ አደገኛ ነው። ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። እኛ ትንሹን ጄት አንድ ቁጥር፣ መርፌውን አንድ ጭረት፣ ዋናውን ጄት ሁለት ቁጥር ዝቅ አደረግን፤ አንድ በአንድ። ዳገቱ ላይ ያ "ቡዋ ቡዋ" ጠፋ። 8ኛው ምሰሶ!

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ለደጋ የተቀነሰ ጄት ለቆላ አይሆንም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሰው አየሩ እየወፈረ፣ ድብልቁ እየሳሳ ይሄድበታል። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊቆምና የኋላ ጎማው በድንገት ሊቆለፍ ይችላል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የቀድሞዎቹን ጄቶች በኪስ ይዞ፣ ቆላ ሲወርዱ መመለስ ያስፈልጋል። በረጅም ቁልቁለትም ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በሞተር ብሬክ ብቻ መውረድ አይገባም። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ስለሚመጣ ቤንዚን ሲቋረጥ ዘይትም ይቋረጣል። በየጊዜው ትንሽ ነዳጅ መስጠት ነው።

6ኛ፦ ጥርስ መቀየር

ይሄኛው ሞተሩን ሳይነካ ዳገት የሚያስወጣ ርካሽ ዘዴ ነው። የፊት ጥርሱ 15፣ የኋላው 49 ነው እንበል። 49 ለ15 ሲካፈል 3.27 ነው። የፊቱን በ14 ብንቀይረው 3.5 ይሆናል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። የኋላ ጎማው በእያንዳንዱ ማርሽ 7 በመቶ የበለጠ የመግፋት ኃይል ያገኛል። በምላሹ በተመሳሳይ ዙር ፍጥነቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ተኩል ጥርስ ከመጨመር ጋር እኩል ነው፤ ዋጋውም ያንሳል። ነገር ግን ያረጀ ሰንሰለት አዲስ ጥርስ ቶሎ ስለሚበላ ሁለቱም ካለቁ አብሮ መቀየር ይሻላል።

አጎቴ አስፋልት ላይ ብዙም ስለማይሄዱ ፍጥነት መቀነሱ አላስጨነቃቸውም። ባለ 14 ጥርስ ተገጠመላት። 9ኛውን ምሰሶ አልፋ አናቱ ላይ ወጣች። ጠቅላላ ወጪው ጋራዡ ከጠራው ዋጋ ሩቡን አልሞላም።

7ኛ፦ ከዚህ በላይ ለሚፈልግ

ከላይ ያለውን ሁሉ ጨርሶ አሁንም ተጨማሪ የሚሻ ሰው ቴስታታውን ቶርኖ ቤት በጥቂቱ ማስላጥ ይችላል። ሲሊንደሩ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጥበት ፊት በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲላጥ የመጭመቂያው ክፍል ወደ 0.25 ሲሲ ገደማ ይቀንሳል። መጭመቁ ሲጨምር የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይጨምራል። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይህን ከቆላ ይልቅ ይችላል። ሆኖም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንዳያንስ መጠንቀቅ ነው። ይህንም ለስላሳ የብየዳ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቶ፣ አንድ ጊዜ አዙሮ፣ የተጨፈለቀውን በመለካት ማወቅ ይቻላል። "ክርክር" የሚል የብረት ድምፅ ከተሰማ መጭመቁ ለቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው።

ቮላኖውን ከባድ ማድረግም አለ። ይህ ጉልበት አይጨምርም፤ ዙሩ በድንገት እንዳይወድቅና ሞተሩ እንዳይጠፋ ግን ይረዳል።

ስለ ዘይት ደግሞ አንድ ቃል። "ዘይት ብታበዛ ሞተሩ ይጠነክራል" የሚለው ትክክል አይደለም። ዘይት በበዛ ቁጥር በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ካርቦንም ይጋገራል። ማንዋሉ 1 ለ32 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያስተዋወቀውን ዓይነት የዘይት ፓምፕ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ራሳቸው ይለካሉ፤ በፓምፑ ገመድ ላይ ያለውን ምልክት ማስተካከል ብቻ በቂ ነው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር በዝቅተኛ ዙር የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ነገር ስላለ ሳይሆን የተደፈነ፣ ያፈሰሰ ወይም ለሌላ ከፍታ የተስተካከለ ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌቦቹን መያዝ፤ ቀጥሎ ትንፋሹን መክፈት፤ መጭመቁን ከፍታን አስቦ መለካት፤ ሪድ ቫልቩን ማየት፤ ካርብራተሩን ለአካባቢው ማስተካከል፤ በመጨረሻ ጥርስ መቀየር። ሲሊንደር ማስፋትና የሬስ ማርሚታ መግዛት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልጉም።

መካኒኮቻችንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ማንዋል በሌለበት፣ መለዋወጫ በጠፋበት፣ እነዚህን ሞተሮች እስካሁን በሕይወት ያቆዩአቸው እነሱ ናቸው። ነገር ግን ምክር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ማለፍ አለበት፤ "ለክተኸዋል ወይ?" መለኪያ የሚሆን ዳገት ደግሞ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም።